የጋሼ ዱላ እና የራዳሩ ቁጥር

ቅዳሜና እሁድ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የጎልፍ መለማመጃ ሜዳ ላይ እሠራለሁ። ሥራዬ ኳስ መልቀም ነው። ዙሪያዋን በሽቦ የታጠረች ትንሽ መኪና አለች፣ ከፊቷ ኳስ የሚሰበስብ ነገር የተገጠመላት። እሷን እየነዳሁ ሜዳውን ላይ ታች እላለሁ። መለማመጃ ሜዳ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ሚስጥሩን ያውቀዋል፤ ኳስ ለቃሚው ብቅ ሲል ሁሉም ዒላማውን ትቶ እሱን መምታት ይጀምራል። ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ ትንሹ ልጅም። ኳሷ ሽቦው ላይ ጧ ስትል ከወዲያ ሳቅ ይሰማል። መጀመሪያ ሰሞን ይደብረኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ።

መሀል ሜዳ ላይ ሆኖ የሚታይ ነገር አለ፣ ከመምቻው በኩል የማይታይ። ኳሶቹ የት እንደሚያርፉ። እዚህ ብዙ ዓመት የሠሩ ሰዎች እንደሚሉት ድሮ ብዙው ኳስ የሚለቀመው ከመሀል ነበር፣ መጨረሻ ላይ ያለውን መረብ የሚነካ ሲገኝ ሰው ዞር ብሎ ያያል። ዛሬ መረቡ ሥር ኳስ ተከምሮ ነው የማገኘው። አንዳንዱማ መረቡንም አልፎ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሜዳዎች ሆን ተብሎ ሩቅ እንዳይሄድ የተሠራ ኳስ ወደማቅረቡ ገብተዋል። እኛም ጋ ያለው እሱ ነው።

ታዲያ ጋሼ የምንላቸው አንድ አባት አሉ። በደርግ ጊዜ አሜሪካ የገቡ፣ ብዙ ዘመን የአንድ ሀብታሞች ክለብ መኪና ማቆሚያ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። ጎልፉንም እዚያው ነው የለመዱት። አንድ የክለቡ አባል አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ድራይቨር ሰጣቸው፣ ጭንቅላቱ ፐርሲመን ከሚባል ዛፍ የተጠረበ እውነተኛ እንጨት ነው። ድራይቨር ማለት ከዱላዎቹ ሁሉ ረጅሙ፣ መጀመሪያ ኳስ ለማስነሳትና ሩቅ ለመላክ የሚያዘው ነው። ጋሼ እስከ ዛሬ በዚያው ነው የሚመቱት። እንጨቱን በጨርቅ ጠቅልለው ነው ይዘውት የሚመጡት፣ እንደ ልጅ።

እና ሁሌ አንድ ነገር ይሉኛል። ወጣቶቹ ሲመቱ ቆም ብለው ያዩና፣ «እነሱ መች መቱ? ዱላው ነው የሚመታላቸው» ይላሉ።

ይቺ አባባል አእምሮዬ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለችኝ።

## ቁጥሩ ምን ይላል

መጀመሪያ ነገር፣ ርቀቱ ጨምሯል ወይ የሚለው ክርክር የለበትም። ጨምሯል። (ከዚህ በታች የምጽፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጅ ነው።) የአሜሪካ ባለሙያዎች ውድድር ፒጂኤ ቱር እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ይመዘግባል። ያኔ በድራይቨር አማካይ ርቀቱ ወደ 257 ያርድ ነበር (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)። በ2023 ወደ 300 ያርድ ደረሰ። በያኔው ዓመት ከሁሉም ሩቅ የመታው ዳን ፖል አማካዩ 274 ነበር፤ ዛሬ በዚያ ርቀት ከጭራዎቹ ጋር ነው የሚሰለፈው። በ1997 ጆን ዴሊ አማካዩ 300ን ሲያልፍ ጉድ ተባለ። በ2023 ሮሪ ማኪልሮይ 326 ሲደርስ ጉድም ያለ የለም።

ለዚህ ሦስት ነገር ይጠቀሳል፤ የዱላው ጭንቅላት፣ ኳሱ፣ እና ሰውየው። በቅደም ተከተል ላስረዳ ብዬ አልደክምም፣ ግን ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ስለሆነ።

ከእንጨት ወደ ብረት የተሻገረው በ1979 ነው፣ ቴይለርሜድ የሚባለው ኩባንያ ባዶ ሆድ ያለው የብረት ጭንቅላት ሲያወጣ። በ1991 ካላዌይ ቢግ በርታ የተባለችውን አመጣ። ስሟን ያገኘችው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን መድፍ ነው። መጠኗ 190 ሴንቲሜትር ኩብ፣ ለያኔው ሰው ግዙፍ ነበረች። ከዚያ ቲታኒየም መጣ። ቲታኒየም ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ በዚያው ክብደት ትልቅ ነገር መሥራት ተቻለ። ጭንቅላቱ እያበጠ እያበጠ ሄደና 460 ላይ ሕግ አቆመው። ከቢግ በርታ እጥፍ በላይ ማለት ነው።

አሁን ሰው ሁሉ «ትራምፖሊን ነው፣ ፊቱ ኳሷን ያስፈነጥራታል» ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩ ግን ትንሽ ይለያል። ዱላና ኳስ የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፣ ዓይን የማይደርስበት። በዚያች ቅጽበት ኳሷ ትጨፈለቃለች። ጎማ ሲጨፈለቅ ደግሞ ከገባው ጉልበት የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ አይመለስም። እንጨቱ ወይም ወፍራሙ ብረት ንቅንቅ ስለማይል መከራውን ሁሉ ኳሷ ትሸከማለች። ስስ የቲታኒየም ፊት ግን ራሱ ትንሽ ገባ ይላል። እሱ በገባ ቁጥር ኳሷ ያን ያህል አትጨፈለቅም። ቲታኒየሙ የወሰደውን ጉልበት ከሞላ ጎደል መልሶ ይሰጣል፣ ኳሷ ግን ቆንጥራ ነው የምትመልስ። ስለዚህ ትርፉ የመጣው ዱላው ጉልበት ስለጨመረ ሳይሆን የሚባክነው ስለቀነሰ ነው።

ለዚህም ልክ ተበጅቶለታል። የጎልፍን ሕግ የሚያወጡት የአሜሪካው ዩኤስጂኤ እና የስኮትላንዱ አር ኤንድ ኤ ናቸው። በእነሱ ስሌት፣ ኳስ በ100 ፍጥነት ከቦታው ንቅንቅ የማይል ጭንቅላት ላይ ቢተኮስ ከ83 በላይ ይዞ መመለስ የለበትም። ልኩ የጸናው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ ግን ርቀቱ ሄዶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

## ጋሼ እና ስክሪኑ

ሜዳው በቅርቡ ራዳር አስገባ። ከመቺው ኋላ የሚቀመጥ ሣጥን ነው። ዱላው ኳሷን ሲመታ የነበረውን ፍጥነት፣ የኳሷን ፍጥነት፣ በምን ያህል ማዕዘን እንደተነሣች፣ ምን ያህል እንደተሽከረከረች፣ ሁሉንም ስክሪን ላይ ያወጣል። ይህ ዓይነቱ ነገር ወደ ጎልፍ የመጣው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ትራክማን የሚባል የዴንማርክ ኩባንያ የጥይትና የሚሳይል በረራ ለመከታተል የሚያገለግለውን የራዳር ጥበብ ለኳስ ሲያውለው።

አንድ እሁድ ማታ ሊዘጋ ሲል ጋሼ ብቻቸውን ቀሩ።

«ጋሼ፣ እስቲ እዚህች ላይ ይሞክሩ» አልኳቸው።

«ምን ታረግልኛለች?»

«ትለካለች። እርስዎ በእንጨቱ ይመቱ፣ ከዚያ ቤቱ የሚያውሰውን አዲሱን ይሞክሩ። እናያለን ማን እንደሚመታ፣ ዱላው ወይስ ሰው።»

«አንተ ልጅ፣ በስተርጅና ልታሰድበኝ ነው?» አሉና ሳቁ። ግን ኮታቸውን አወለቁ። ከኪሳቸውም የራሳቸውን ኳስ አወጡ፣ የቤቱን ኳስ ይንቁታል። ዘመናዊ ኳስ ነው፣ ውዱ። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በእንጨቱ ጀመሩ። አንዳንዱ መሀል ላይ ያርፍላቸዋል። ያኔ ድምፁ ልዩ ነው፣ ለስለስ ያለ፣ ጠቅ የሚል፣ ዛሬ የማይሰማ ድምፅ። ብዙው ግን ወደ ጫፍ ይሆናል። ጫፍ ላይ ሲነካ እንጨቱ እጃቸው ውስጥ ይዞራል፣ ኳሷ ዝቅ ብላ ወደ ግራ ትጠመዘዛለች። ጋሼ ጥርሳቸውን ነክሰው መዳፋቸውን ያሻሻሉ። ያማል።

ከዚያ አዲሱን ሰጠኋቸው። መሀል ላይ ሲያገኙት ከእንጨቱ የሚበልጠው 20 ያርድ ገደማ ነው። ደህና ነው፣ ግን እኔ የጠበቅሁት እጥፍ ድርብ ነበር። ጋሼም እንደዚያው። «ይሄው ነው?» አሉ። ጉዱ የመጣው ጫፍ ላይ ሲነኩት ነው። በእንጨቱ 40 እና 50 ያርድ የምታስቀረው ያች የተሳሳተች ምት፣ በአዲሱ 10 ብቻ አስቀርታ ቀጥ ብላ ሄደች። ጋሼ የሳቱት መሆኑን እንኳ አልታወቃቸውም። እኔ ስክሪኑን ስላየሁ ነው ያወቅሁት።

ምክንያቱ ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የእንጨት ጭንቅላት ጠጣር ነው፣ ክብደቱ መሀል ላይ ተከማችቷል፣ ስለዚህ ጫፉ ሲገፋ በቀላሉ ይዞራል። ባዶ ሆድ ያለው ትልቅ ጭንቅላት ግን ክብደቱ ዳር ዳር ላይ ነው ያለው። ዳር ላይ ያለ ክብደት ለመዞር እምቢ ይላል። ዛሬ ብዙ ኩባንያ ጣሪያውን በካርቦን ፋይበር የሚሠራው እዚያ ላይ የቆጠባትን ግራም ወስዶ ወደ ኋላና ወደ ታች ለመወርወር ነው።

ይህን ሁሉ አንብቤ አውቀዋለሁ። ያላነበብኩት ቀጥሎ የሆነውን ነው።

ጋሼ በአዲሱ መምታታቸውን ቀጠሉ። እኔም ርቀቱን ትቼ የዱላ ፍጥነት የሚለውን ቁጥር ማየት ጀመርኩ። በእንጨቱ በሰዓት 80 ማይል ላይ ነበሩ። የአዲሱ የመጀመሪያ ምቶች ከዚያ ትንሽ ከፍ አሉ። ይሄ አይገርምም፣ የድሮው ዘንግ ከባድ ብረት ነው፣ የአሁኑ ግራፋይት ነው፣ የክብደቱ ግማሽ ነው፣ ርዝመቱም ይበልጣል። ግን ቁጥሩ እዚያ አልቆመም። 82፣ 83፣ ዝቅ አለ፣ 84፣ በመጨረሻ 86። ያው ዱላ ነው። ያው ሽማግሌ ናቸው። ማሟሟቂያም እንዳይባል በእንጨቱ አንድ ቅርጫት ጨርሰው ነው የመጡት። እሳቸውን አየኋቸው። ትከሻቸው ተፈቷል። ጥርሳቸውን አልነከሱም።

«ጋሼ፣ ጠንከር አድርገው ነው እንዴ የሚመቱት?» አልኳቸው።

«ኧረ እኔ እንጃ። አላስተዋልኩም» አሉ።

ያቺ ነች ነገሯ። ለአርባ ዓመት ሲመቱ ግማሽ ሐሳባቸው መምታት ላይ ነበር፣ ግማሹ አለመሳት ላይ። አዲሱ ዱላ አለመሳት ላይ ያለውን ሐሳብ ፈታላቸው። በእኛ ሀገር የፈሪ ዱላ ይከፋል ይባላል። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ የፈራ ሰው ምቱ ይለዝባል።

እንጨቱ ሩቅ አይሄድም ነበር ማለት አይደለም። ጃክ ኒክላውስ በ1963 ዳላስ ላይ፣ በፒጂኤ ሻምፒዮና የርቀት ውድድር፣ በእንጨት ድራይቨር 341 ያርድ መትቷል። ሦስት መቶ አርባ አንድ! ጉልበቱ ነበር። ግን ያ የርቀት ውድድር ነው፣ ብትስት የምትከስረው የለም። ዋናው ውድድር ላይ በዚያ ጉልበት የሚመታ ጫካ ይገባል። ሰው ያለውን ጉልበት ሁሉ አያወጣም ነበር፣ ስለማያዋጣው። ዛሬ ያዋጣል። አሁን ያሉት ወጣቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ በትልቁ ጭንቅላት ነው የተማሩት፣ መጀመሪያ በኃይል መምታት፣ ማስተካከሉ በኋላ። ጂምናዚየም የሚገቡት፣ ብረት የሚያነሱት፣ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያዋጣበት ዱላ ስላለ ነው።

ስለዚህ ጋሼን ተሳስተዋል አልላቸውም። ዱላው ግን የሚመታላቸው አይደለም። እንዲመቱ የሚፈቅድላቸው ነው።

## በኪስ የገባው ዘመን

ኳሷን እመለስባታለሁ ብዬ ነበር። ጋሼ ራሳቸውን የድሮ ሰው አድርገው ነው የሚቆጥሩት። ኪሳቸው ውስጥ ያለው ግን የዚህ ዘመን ዕቃ ነው።

ድሮ ባለሙያዎቹ የሚመቱት ኳስ ውስጡ የጎማ ክር የተጠመጠመበት፣ ልባሱ ባላታ የሚባል ልስላሴ ያለው ነበር። ግሪን ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት ሣሩ አጥሮ የታጨደ ቦታ ላይ፣ ሲያርፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ለዚህ ይወዱታል። በድራይቨር ሲመታ ግን ከመጠን በላይ ይሽከረከራል፣ ወደ ላይ ይወጣና ርቀቱን አየር ላይ ይጨርሳል። ሩቅ የሚሄድ ጠጣር ኳስም ነበር፣ እሱ ደግሞ ግሪን ላይ አይቆምም። አንዱን መምረጥ ግድ ነበር። በ2000 ታይገር ዉድስ ውስጡ ጠጣር በሆነ አዲስ ዓይነት ኳስ የዩኤስ ኦፕንን በ15 ምት ልዩነት አሸነፈ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የታይትሊስት ኩባንያ ፕሮ ቪ1 የተባለው ኳስ ላስ ቬጋስ ውድድር ላይ ቀረበ፣ በዚያው ሳምንት 47 ተጫዋች ወደ እሱ ዞረ። ሁለቱን ጠባይ በአንድ ያጣመረ ነበር፤ በድራይቨር ብዙ አይሽከረከርም፣ በአጭሩ ዱላ ይሽከረከራል። የቱሩ አማካይ በ2000 ወደ 273 ያርድ የነበረው በ2003 ወደ 286 ወጣ። በሦስት ዓመት።

ኳሷ ላይ ያሉት ትንንሽ ጎድጓዶችም ለጌጥ አይደሉም። ለስላሳ ኳስ ስትበር ከኋላዋ ሰፊ የተረበሸ አየር ትጎትታለች፣ እሱ ወደ ኋላ ይይዛታል። ጎድጓዶቹ አየሩን ገላዋ ላይ አጣብቀው ያቆዩታል፣ የምትጎትተው ይጠባል። ድሮ ሰዎች ይህን ያወቁት በአጋጣሚ ነው፣ የተጫጫረ አሮጌ ኳስ ከአዲሱ ይልቅ ሩቅ ሲሄድ አይተው።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው። «ዱላዎ የሰባዎቹ ነው፣ ኳስዎ ግን የኛ ዘመን ነው» አልኳቸው። ኳሷን አገላብጠው አዩና፣ «ይቺማ ኳስ ናት» አሉ። ክርክሩ በዚህ አበቃ።

## ለኛ ሲሆን

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ ጎልፍ ግድ የማይሰጠው አበሻ እንኳ የሚያገባው ነገር ነው። በ2020 ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ የቀነኒሳን የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ሪከርዶች ሲሰብር እኔ ከሚያለቃቅሱት ውስጥ ነበርኩ። ጫማው ነው፣ መሙ ላይ የሚበሩት መብራቶች ናቸው፣ እያልኩ። በ2023 ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ስትጨርስ፣ የቀድሞውን ሪከርድ ከሁለት ደቂቃ በላይ ስትቀንስ፣ እግሯ ላይ 138 ግራም የሚመዝን የ500 ዶላር አዲዳስ ነበር። ያን ቀን ስለ ጫማ ያነሳ ሰው ቢኖር ይጣላኝ ነበር።

ጋሼ ይህን ያውቃሉ። «ለቀነኒሳ ጊዜ ጫማው፣ ለትዕግስት ጊዜ እግሯ፣ አይደል?» ብለውኛል። መልስ አልነበረኝም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብዬ አለፍኩ።

ግን አሁን ሳስበው ልዩነት አለ፣ እና ልዩነቱ ያው ፍርሃት ላይ ነው። ጫማው ለሯጯ ጉልበት ይቆጥብላታል፣ ሥልጠናውን ግን አይዘልላትም፤ 42 ኪሎ ሜትር ላይ የሚደበቅ ድክመት የለም። የጎልፉ ጭንቅላት ግን የሸፈነው ስህተትን ነው። መሀሉን የሚያገኘውና የማያገኘው ሰው ድሮ በአንድ ምት ይለያዩ ነበር፣ ዛሬ ብዙም አይለያዩም። ጫማም ቢሆን ልክ አለው። ዓለም አቀፉ አትሌቲክስ የመንገድ ሩጫ ጫማን ሶል 40 ሚሊ ሜትር ላይ ገድቦታል። የኛው ደራራ ሁሪሳ በ2021 የቪየናን ማራቶን አንደኛ ገብቶ፣ ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ስለተገኘ ድሉን ተነጥቋል። አንድ ሴንቲ ሜትር። ያሳዝናል፣ ግን ሕጉ ቢያንስ ግልጽ ነው።

## ምን ይደረግ

በዲሴምበር 2023 ሁለቱ ሕግ አውጪዎች ኳሱን ወደ ኋላ ለመመለስ መወሰናቸውን አስታወቁ፤ ለባለሙያዎች ከ2028፣ ለሌላው ሰው ከ2030 ጀምሮ። በእነሱ ግምት በጣም ሩቅ የሚመቱት ከ13 እስከ 15 ያርድ ያጣሉ፣ ተራው ተጫዋች 5 ያርድ ወይም ከዚያ በታች። ምክንያታቸውም አለ። ሜዳዎች እየተለጠጡ ማለቂያ አጥተዋል። ኦገስታ ናሽናል የተባለው ዝነኛ ክለብ 13ኛውን ጉድጓድ፣ ማለትም ከመምቻው እስከ ጉድጓዱ ያለውን መንገድ፣ በ2023 በ35 ያርድ ለማስረዘም ከጎረቤት ክለብ መሬት ገዝቷል። ኦገስታ ገንዘብ አለው። ከተማ ውስጥ መሬቱ በመንገድና በቤት የተከበበ ሜዳ ወዴት ይለጠጣል? ለርዝመቱ ውኃም ማዳበሪያም ማጨጃም ይፈልጋል።

እኔ ግን የተሳሳተ ቦታ የያዙ ይመስለኛል። ኳሱን ሲቀንሱ ከሁሉም ላይ ነው የሚቀነሰው፣ መሀል ካገኘውም ካላገኘውም። ድፍረቱ ግን ያለው ጭንቅላቱ ላይ ነው። ለባለሙያዎቹ ብቻ ከ460 ወደ 250 ቢያወርዱት ማንም ኳሱን ሳይነካው ሰው ደግሞ መፍራት ይጀምራል። ኩባንያዎቹ ይህን አይወዱትም፣ ቴሌቪዥን ላይ የታየውን ዱላ ነው ለኛ የሚሸጡት። ለዚህ ይመስለኛል ኳሱ ላይ የተዘመተው።

ስለ መሸጥ ካነሳን ደግሞ፣ በየዓመቱ «10 ያርድ ይጨምራል» የሚለው ማስታወቂያ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የፊቱ ልክ ከሃያ ዓመት በላይ አልተቀየረም። በየዓመቱ የተባለው ቢጨመር ኖሮ ዛሬ ከቨርጂኒያ መተን ሜሪላንድ ነበር የምንለቅመው። ትርፉ ያለው ከእንጨት ወደ ትልቁ ጭንቅላት በመሻገሩ ላይ ነው፣ ከአምናው ወደ ዘንድሮው ላይ ብዙ የለም። ለጋሼም ያልኳቸው ይህንኑ ነው፤ ስድስት መቶ ዶላር እንዳያወጡ፣ ጥቂት ዓመት ያለፈው ያገለገለ ዱላ በሩብ ዋጋ ይገኛል፣ ዘንጉን ብቻ ለእርሳቸው ፍጥነት ለስለስ ያለውን ያስመርጡ።

አንድ ገዙ። እንጨቱን ግን አሁንም ይዘው ነው የሚመጡት፣ መጀመሪያ በሱ ነው የሚመቱት፣ እጃቸውን መዳፋቸውን እያሻሹ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «በዚኛውማ መሳቴን ማን ይነግረኛል?» ይላሉ።